በነጭ ክር የተሰፋው ገጽ

መጽሐፍ ሻጩ አርባ ሦስተኛውን መጽሐፍ አንስቶ ሊገልጠው ይሞክራል። መሐሉ ላይ አልከፈት ይለዋል።

«ይኼም ተሰፍቷል! እህትሽ መጽሐፍና ቀሚስ አትለይም ነበር እንዴ?»

ሳልፈልግ እስቃለሁ። እታለም ካረፈች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው።

እታለም ልብስ ሰፊ ነበረች። ማንም ያላያቸውን የአስፈሪ ፊልሞች ታሪክ ይዘው የተጻፉ ቀጫጭን ልብ ወለዶችን ትሰበስብ ነበር። ስምንት ዓመቴ ላይ አንዱን ሰርቄ አንብቤ ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። አልተቆጣችኝም። ከዚያ ወዲያ እሷ ቀድማ ታነባለች፤ የሚያስፈራውን ገጽ ከፊት ለፊቱ ካለው ጋር በጥቁር ክር ሰፍታ ትሰጠኛለች። ወረቀቱ አይቀደድ፣ መስመሩ አይዛነፍ፤ እንደዚያ ያለ እጅ ዳግም አላየሁም። ፀጉሬ መሸበት ጀምሮም አላቆመችም። እኔም አንድም ቀን ክሯን በጥሼ አላውቅም።

ሻጩ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። «ፊልሞቹ እኮ ዛሬ ጠፍተዋል፤ የቀሩት እነዚህ መጻሕፍት ብቻ ናቸው። እኔ እንደ ቆሻሻ ነበር የማያቸው፤ እሷ ናት ያተረፈቻቸው። ግን የኔ እህት፣ የተሰፋ መጽሐፍ ማን ይገዛኛል? ተርትሪያቸውና ሁሉንም ልውሰድልሽ።»

ክፍሏን ነገ አስረክባለሁ።

«እሺ። የእኔ ቤት እንደሆነ ከአልጋዬ ሌላ ምንም አይችልም» እላለሁ።

ከክምሩ አናት ያለው መጽሐፍ የመጨረሻዋ ነው፤ ታማ ተኝታ የሰፋችው። ክሩ ነጭ ነው። ምነው ስላት፣ «ጥቁሩ አልቆብኝ» ብላኝ ነበር።

ምላጭ ፍለጋ የስፌት መኪናዋን መሳቢያ እስባለሁ። ጥቁሩ ክር ምንም ሳይጎድል ተቀምጧል።

ቀስ ብዬ እተረትራለሁ። ገጹ ላይ ደም የለም፣ ጩኸት የለም። ታላቅ እህት አልጋ ላይ ተኝታለች። ታናሿ እጇን ይዛ ትጠራታለች። አትመልስላትም።

«እ? ጭራቅ ነው?» ይላል ሻጩ አንገቱን አስግጎ።

«ጋሼ፣ ጭራቅስ የለበትም።»

«ታዲያ ምኑ አስፈርቷት ሰፋችው?»

ምላጩን አስቀምጬ ነጭ ክር መርፌ ላይ እሰካለሁ።

«ሌሎቹስ መጻሕፍት?»

«ከእኔ ጋር ይሄዳሉ።»

«ቤቴ ከአልጋዬ ሌላ አይችልም ስትዪ አልነበር?»

«መሬት እተኛለሁ።»

ሁለቱን ገጾች መልሼ እገጥማለሁ። ስፌት አልችልም፤ የልብሴን ቁልፍ እንኳ የምትተክልልኝ እሷ ነበረች። መርፌው ግን አይስትም። እሷ በበሳቻቸው ቀዳዳዎች፣ አንድ በአንድ፣ ይገባል።