ኮፈኗን የከፈተች ፒካፕ

ኔቫዳን በመኪና አቋርጦ የሚያልፍ መንገደኛ ተራራ፣ ደረቅ ሜዳ፣ እንደገና ተራራ ያይና «እዚህ ደግሞ ማን ይኖራል?» ብሎ ነዳጁን ይረግጣል። ይለፍ፤ ማን ያዘው! የሚኖሩበት ያውቁታል። ከብቱ ከሰው ይበዛል፣ ሰው ከሰው የሚጣላው በውሃ ነው፣ ጎረቤት የሚባለውም መብራቱ እንኳን የማይታይ ሩቅ ሰው ነው።

በዚያ አገር ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው ወግ አለ። መንገድ ዳር ኮፈኑ ተከፍቶ የቆመ መኪና ያየ ሰው ይቆማል። ደጁ ብትሄድ ውሻ የሚለቅብህ ሰው እንኳን መንገድ ላይ ይቆምልሃል። አይቶ ያለፈ ግን ሰው አይባልም፣ አለቀ!

ኦሪን ትናንት አልፏል።

ያውም ያለፈው ዴልመርን ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በግጦሽ መሬታቸው ድንበር ላይ ባለች አንዲት ምንጭ ተጣልተው ከተኳረፉ ቆይተዋል። በብርዱ ወራት ዴልመር በሩ ድረስ መጥቶ ሲያንኳኳ ኦሪን መጋረጃውን ጎትቶበታል። ትናንት ደግሞ ኦሪን በየሳምንቱ በዚያው ቀን እንደሚያደርገው ለከብቶቹ ጨው ሊገዛ ወደ ከተማ ሲወርድ፣ የዴልመር ፒካፕ ኮፈኗን ከፍታ ቆማ አገኛት። ዴልመር ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ላይ አነሳለት።

ኦሪን አንገቱን ቀጥ አድርጎ አለፈ። «ምንጩን ቆልፎ ከብቶቼን ውሃ ያስጠማ! ሌላ ሰው ይቁምለት!» እያለ ብቻውን ሲያጉረመርም ከተማ ደረሰ። ሲመለስ ግን የዴልመርን ዓይን ማየት ፈራና በተራራው በኩል ዞሮ ቤቱ ገባ።

ዛሬ ጠዋት ዴልመርን ፒካፗ አጠገብ ወድቆ አገኙት። ፀሐይ መታችው፣ ልቡም አልቻለም አሉ።

«ኧረ ምን ዓይነት ጉድ ነው!» አለች የምግብ ቤቱ ባለቤት ቨርላ፣ የኦሪንን እንቁላል ፊቱ እያስቀመጠች። «ፖስታ አመላላሹ ቆሞለት ነበር እኮ! "ሰው ይመጣልኛል፣ አንተ ሂድ" ብሎ ሸኘው አሉ። እንግዲህ እመጣለሁ ብሎት የቀረ አንድ የማይረባ አለ ማለት ነው። ባገኘው በዚህ መጥበሻ ነበር አናቱን የምለው!»

ኦሪን ሹካውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

«አንተስ ሽማግሌው፣ ትናንት ወርደህ አልነበር? አላየኸውም?»

«በ... በተራራው በኩል ነው የገባሁት።»

ቃሉ ከአፉ እንደወጣ ፊቱ እስከ ጆሮው ጋለ። ውሸት አይደለም፤ ግን ከውሸትም የባሰ ነው። ዕድሜ ልኩን ሌላውን «ወስላታ» እያለ ሲሳደብ ኖሮ፣ ወስላታው ራሱ ሆኖ ተገኘ። የተቀመጠው ሁሉ የሚያየው እሱን መሰለው። እንቁላሉን ሳይነካ ተነሳ።

«አንተ! ምግቤ ምን ሆነ?» ብላ ጮኸችበት ቨርላ።

በቀጥታ ወደ ዴልመር ሚስት ወደ ኔልዳ ሄደ። ሊነግራት ነው። መንገዱን ሙሉ «አይቼው አልፌያለሁ፣ አይቼው አልፌያለሁ» እያለ ተለማመደ። በሩን ከፍታ ስታየው ግን ሌላ ነገር ወጣው።

«ፒካፗን ጎትቼ ላምጣልሽ ብዬ ነው።»

ኔልዳ ሁለት እጁን ያዘችው። ዓይኗ አባብጧል።

«እግዚአብሔር ይስጥህ። ትናንት እኮ ጺሙን ተላጭቶ፣ አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ ነው የወጣው። "ወዴት ነው?" ብለው "ቅርብ ነኝ" ብሎኝ ሄደ። ያቺ ቆርቆሮ ጉድ ሠራችው!»

«ኔልዳ፣ እኔ ትናንት...»

«ተው፣ ምንም አትበለኝ። እንዲያ ተኳርፋችሁም ቢሆን፣ አንተ ብታየው ቆመህለት ነበር። ይህን አውቃለሁ። እሱም ያውቅ ነበር።»

ኦሪን መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ። አሁን እንዴት ይነገራታል? ባርኔጣውን ዓይኑ ድረስ ጎትቶ፣ ሰንሰለቱን መኪናው ላይ ጭኖ ሄደ። እንባው መጣ፤ ለማልቀስም አፈረ።

ፒካፗ እንደቆመች ናት። ኮፈኗም እንደተከፈተ ነው። ዴልመር የወደቀበትን ቦታ ላለማየት በሌላው ጎን ዞሮ መጣ። የተበላሸው ምኑ እንደሆነ ለማየት እንኳን አልጎነበሰም። ምን ያደርግለታል? ኮፈኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው፣ ሰንሰለቱን አሰረ፣ ስትጎተት ጎማዋ እንዲሽከረከር ማርሹን ፎሌ ሊያደርግ ገብቶ ተቀመጠ።

አጠገቡ ወንበሩ ላይ የበረዶ ሳጥን አለ። ክዳኑን አነሳው። በረዶው ቀልጦ ውሃ ሆኗል፤ ውሃው ውስጥ ሁለት ጠርሙስ ቢራ ተጋድሟል፣ ያውም ኦሪን ራሱ የሚወደው ዓይነት።

«አይ ዴልመር!» አለ። የዴልመር ቤተ ክርስቲያን ቢራ ቀርቶ ቡና እንኳን አትፈቅድም። «እኛን ሰካራም እያልክ፣ አንተ ተደብቀህ ትጠጣ ነበር? አስመሳይ!»

ሳቁ መጣ። ወዲያው ደግሞ በሙት መሳቁ አሳፈረውና ክዳኑን መለሰው።

ቁልፉ እንደተሰካ ነው፤ በዚያ አገር ቁልፉን የሚነቅል የለም። የተቆለፈው መሪ እንዲላቀቅለት እስከ መጨረሻው አዞረው።

ሞተሩ ያለ አንዳች ማንገራገር ተነሳ። ፒካፗ ድሮም አልተበላሸችም ነበር።