ጋሽ ሚስማር መነጽር ያደረገ ቀን

ግቢዬ ውስጥ መሰላሉ ሥር ቆሞ ሳየው የያዝኩትን ባልዲ መሬት ጥዬ አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ።

«እግዜር ያጥናህ፣ ጋሽ ሚስማር። መቼ ሰማህ?»

ትከሻው እጄ ሥር ድንጋይ ሆነ። ከዚያ ቀስ አድርጎ አላቀቀኝ።

«ምኑን ነው የምሰማው?» አለ። «ንገሪኝ በቃ። እህቴ ናት?»

አሁን ክው ያልኩት እኔ ነኝ። ለካ ሐዘንተኛ አገኘሁ ብዬ ሳጽናናው፣ እሱ መርዶ ይዤ የመጣሁ መስሎታል። ታዲያ ምን ላድርግ? እህቱ መታመሟን አውቃለሁ፤ በጠዋት ጥቁር መነጽር አድርጎ አየሁት። ሌላ ሰው ቢሆን ባልደነገጥኩ። ጋሽ ሚስማር ግን «ጥቁር መነጽር የሚያደርግ ሰው ወይ ያለቀሰ ነው፣ ወይ ሊያስለቅስ ነው» እያለ ሰፈሩን ሲያስቅ የኖረ ሰው ነው።

«ማንም አልሞተም» አልኩት። «መነጽርህ ነው የገደለብህ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን ልቤን ቀጥ ታደርጊዋለሽ» አለና መሰላሉን ተደገፈ።

«እኔ ነኝ ያስደረግኩት፣ እትዬ» የሚል ድምፅ ከበሩ ሰማሁ። ልጁ ናት፤ ዓይን ክሊኒክ የምትሠራው ነርስ። ነጩን ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋለች። አባቷ የኔን ቤት ቆርቆሮ ሊመታ መምጣቱን ስለምታውቅ፣ ወደ ሥራ ስትሄድ መነጽሩን አደርጋለሁ ያላትን ቃል መጠበቁን ልታይ ጎራ ብላለች።

ጋሽ ሚስማር መነጽሩን አውልቆ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

«አየሽ? ገና ጣሪያ ሳልወጣ ሰው ቀበሩልኝ። መንገደኛው ሲያየኝ ምን ሊል ነው? አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ቆርቆሮ ሲመታ መነጽር የሚባል ነገር አይቶ አያውቅም።»

«አያቴ መጨረሻ ላይ እኔንም አላየኝም» አለች። «ፊቴን ዳስሶ ነው ያወቀኝ።»

ይቺ ልጅ ያባቷ ናት፤ አንዴ ትመታለች፣ ምስማሩ ይገባል።

ጠጋ ብላ የዓይኑን ቆብ በአውራ ጣቷ ቀና አደረገችልኝ። ነጩ ላይ፣ ከአፍንጫው በኩል፣ ቀላ ያለች ስስ ሥጋ ወደ ጥቁሩ ትሳባለች።

«ፀሐይና አቧራ ነው የሚያፋፋት። ብሌኑ ላይ ከወጣች ጣሪያ መውጣቱን ይርሳው።»

«ለመሆኑ መነጽር ለሰው ሁሉ ያስፈልጋል? ወይስ እናንተ ክሊኒኮች ገበያ አጥታችሁ ነው?» አልኳት። ትንሽ ብትስቅ ብዬ ነበር።

«ቤት ለሚውል ምን ያደርግለታል? ፀሐይ ላይ ለሚውል ግን ያስፈልገዋል። አዲስ ቆርቆሮ ላይ ለሚውል ደግሞ ፀሐይዋ ሁለት ናት፤ አንዷ ከላይ፣ አንዷ ከታች።»

«ሰማሁ» አለ ጋሽ ሚስማር። ምስማሮቹን ከንፈሩ ላይ ደርድሮ ወጣ። መነጽሩ ግን ኪሱ ውስጥ ቀረ።

ስሙ ዝም ብሎ አልወጣለትም። ምስማር አጣሞ ሲነቅል ያየው የለም። አንዴ ያስይዛታል፣ አንዴ ያስገባታል፣ ያውም መንገዱን እያየና ወሬ እየጠየቀ። ሌላ አናጢ የሠራው ጣሪያ ሥር ሲገባ ቀና ብሎ ያይና ምንም አይልም፤ ባለቤቱ ግን በሳምንቱ ጣሪያው አፈሰሰብኝ ብሎ ይጠራዋል።

የመጀመሪያዋን ደህና መታ። ፀሐይዋ ከጎረቤት ግድግዳ በላይ ስትወጣ ቆርቆሮው በአንድ ጊዜ ነደደ። እኔ ከታች ሆኜ ፊቴን አዞርኩ። መልሼ ሳይ ግራ እጁ ቆርቆሮው ላይ ይንቀሳቀሳል፤ መብራት በጠፋበት ቤት ቁልፍ እንደሚፈልግ ሰው፣ ምስማር የሚያርፍበትን ጉብታ በጣቱ ይፈልጋል።

ልጁን አየኋት። አይታለች። አልጠራችውም፤ ጋዋኗን ትከሻዋ ላይ ወርውራ መሰላሉን በሁለት እጇ ያዘች።

መዶሻው አረፈ። ድምፁ የሱ ድምፅ አልነበረም። ምስማሯ በቆርቆሮው ቦይ ተንከባልላ እግሬ ሥር ወደቀች። ጎብጣለች። ማንም ሳያያት ረገጥኳት።

ላይ ያለው ሰው አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ከዚያ እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። መነጽሩን አደረገና ቀና ሲል፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ከመንገድ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ በሩ ላይ ወጥቷል።

«ጋሽ ሚስማር! ምነው በስተርጅና ዘነጥክሳ? ማንን ልታማልል ነው?»

ወረፋ የሚጠብቁት ሁሉ አንገታቸውን አስግገው ሳቁ። አለቀ፣ አወለቀው፣ አልኩ በሆዴ። አውቀዋለሁ፤ ለዓይኑ የማይሳሳውን ያህል ለስሙ ይሳሳል።

ጋሽ ሚስማር ምስማሮቹን ከአፉ አንድ በአንድ አወጣ። ከዚያ ጣሪያው ጫፍ ላይ፣ መንገዱ ሁሉ እንዲያየው ሆኖ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ይሄን ሐኪም የወለደ ሰው ነው የሚያደርገው» አለ፣ ረጋ ብሎ። «አንተ ይቅርብህ።»

ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ሁለቴ አንቀጫቀጨና ገባ። የልጅቷ ጆሮዎች ቀሉ።

«ነርስ ነኝ እኮ፣ አባዬ» አለች፣ ለሱ ብቻ እንዲሰማው።

«አንቺ መሰላሉን ያዢ።»