የበለዘ ጥርስ

የመቂ ጉድጓዶች ከተደፈኑ ወዲህ ሰው የሚጠጣው ከአየር የሚጨመቅ ውሃ ነው። ውሃው ፍሎራይድ የሚባለው ጥርስ የሚያጠነክር ማዕድን ስለሌለው ቆሎ መቆርጠም የሚችል ልጅ ጠፍቷል።

ዳሚቱ ግን ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ለልጇ ለሲፈን ገዝታ አታውቅም። የእሷን ጥርስ ያበለዘው በድሮው ጉድጓድ ውሃ ውስጥ የነበረው ፍሎራይድ ነው።

«የእኔን ያበላሸ የእሷን ሊጠግን?» አለች፣ ሳሙናውን ለሲፈን ያዘዘላትን የጥርስ ሐኪም በጎሪጥ እያየች።

«እርስዎ በልጅነትዎ ከመጠን በላይ ጠጡት፤ እሷ ግን በጥቂቱ ፍቃ ትተፋዋለች። ጥርሷ ላይ ያለው ይህ ነጭ ምልክት የሳሳ ቦታ ነው፤ ገና ስላልተቦረቦረ መልሶ ይጠነክራል» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ዳሚቱ የአተር ፍሬ የምታህል ሳሙና ብሩሹ ላይ አደረገች። ሲፈን ፍቃ ተፋች።

«ድገሚ፣ ትፊ» አለቻት።

«እማዬ፣ ተፋሁ እኮ!»

ዳሚቱ አላመነቻትም። አፏን አስከፍታ ምላሷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው።