እሌኒ ያወጣችው ዕጣ

ሰው በገዛ እጁ የጻፈው ቃል ወረቀቱ ተጠቅልሎ ሳለ ይለወጣል እንዴ? የምጠይቀው ሰው አጣሁ።

ፋርማሲስቷ የልጅ ልጄ እሌኒ ሐዋሳ፣ አዳማ ወይም እዚሁ ባሕር ዳር እንድትሠራ መሥሪያ ቤቷ አስመርጧት፣ ሳምንቱን ሙሉ መወሰን አቃታት። ዘመድ በሌለበት አገር፣ ታመመች እንኳ ውኃ የሚያቀብላት ሳይኖር ብቻዋን ልትኖር ነው እያልሁ እኔም እህል አልዋጥልሽ አለኝ።

«እምዬ፣ ዕጣ ይጣሉልኝ» አለች። «አባትዎ መሪጌታው ሲቸግራቸው እንዲያ አልነበር የሚያደርጉ? ባል ከወጣልኝ ግን መልሼ እጠቀልለዋለሁ!» ብላ ሳቀች።

ሦስት ወረቀት ቀደድሁ። ማርያም ይቅር ትበለኝ፣ እንዳትርቀኝ ብዬ ሦስቱም ላይ «ባሕር ዳር» ብዬ ጻፍሁ። ጠቅልዬ ከሥዕሏ ሥር አኖርሁና አቡነ ዘበሰማያት ደገምን። ዓይኔን ከወረቀቶቹ አልነቀልሁም።

አንዱን አንሥታ ፈታችው። ሳቋ ጠፋ።

«የት ደረሰሽ?» አልኋት፣ እያወቅሁ።

ወረቀቱን ሰጠችኝ። «ደቅ» ይላል፣ በእኔ ጽሕፈት። ደቅ ሐይቁ መካከል ያለች፣ እናቷን የቀበርንባት ደሴት ናት።

«እኔ አልጻፍሁም፣ ልጄ!» ብዬ የቀሩትን ሁለቱን ፈታሁ። ሁለቱም «ደቅ» ይላሉ።

ቀና ስል እሌኒ ነጠላዋን ለብሳ በሩ ላይ ቆማለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ይጮኻል። ስሟን ሦስት ጊዜ ጠራሁ። ወጥታ ወደ ሐይቁ የሚወርደውን መንገድ ያዘች።