ዱዓው ሳይዘጋ

እናቴ በሻርፗ ስር ጉልበቴን ይዛ ወደ ፍራሹ ትጫነዋለች። እኔም እጄን ከላይ ደርቤ አግዛታለሁ። እግሬ ግን ለሁለታችንም አልበገርም ብሏል።

ሐጂት ሐዲጃ ከፊታችን እግራቸውን አጥፈው ተቀምጠዋል። የኢልያስ አክስት ናቸው፤ ያሳደጉትም እሳቸው ናቸው። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ልጅቷን በዓይኔ ልያት ብለው ከሰዓት፣ የአስር ሶላት እንዳለቀ፣ አዲስ ዓለም ሰፈር እኛ ቤት ድረስ መጡ። እሳቸው ካልወደዱኝ ኢልያስ ሽማግሌ አይልክም። እኔ ደግሞ ኢልያስን እወደዋለሁ።

እስካሁን አንገቴን ደፍቼ፣ ሲጠይቁኝ ብቻ እየመለስኩ፣ ምን የመሰልኩ ጭምት ሆኛለሁ። ፒያሳ ባለው የጨርቅ ሱቃችን የሚያውቀኝ ደንበኛ ቢያየኝ በሳቅ ይሞታል።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን እግሬ ሥራ ይጀምራል። ሕመም ቢሆን ጥርሴን ነክሼ እችለው ነበር። ቅልጥሜ ውስጥ ተነቅንቆ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አንድ ነገር ይፍለቀለቃል፤ ተነሺ፣ ሂጂ ይለኛል። ስራመድ ይተወኛል፣ ስቀመጥ ይመለሳል። ሐኪሙ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ እንዳለብኝ ሲነግረኝ፣ የእግሬም ነገር ከሱ ጋር የመጣ ጓዝ መሆኑን አስረድቶኛል። ኢልያስ ሁሉንም ያውቃል። ለአክስቱ ግን ከኒካሁ በኋላ ቀስ ብለን እንንገራቸው ብላ እናቴ ለምናኛለች። ልጇ ቆማ እንዳትቀርባት ነው ጭንቀቷ። እኔ ደግሞ መቀመጥ ነው ያቃተኝ።

ሐጂት መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ይጀምራሉ። እናቴም እጇን መዘርጋት ግድ ነውና ጉልበቴን ትለቀዋለች። እኔም እዘረጋለሁ። አሁን እግሬን የያዘው የለም።

ዱዓ ከተጀመረ ፊት በመዳፍ ተዳብሶ እስኪዘጋ ድረስ አይነሳም። እኛ ቤት ጥሎ የተነሳ ምርቃቱን እንደገፋ ይቆጠራል፤ ለእጮኛ ሲሆንማ አልፈልግም ማለት ነው። ሐጂት ደግሞ አይቸኩሉም። ከሞቱት ጀምረው መንገድ ላይ ወዳሉት ያልፋሉ፤ ለአገር ሰላም ይለምናሉ። ለታመሙት ሽፋ ሲለምኑ እናቴ ከሁላችን ጎላ አድርጋ አሚን ትላለች።

እግሬ በራሱ ተወርውሮ የሻዩን ትሪ ይመታል። ብርጭቆዎቹ ይንጫጫሉ። ሐጂት ቀና ብለው ያዩኝና ይቀጥላሉ።

ጥቂት ብችል ወደ እኔና ወደ ኢልያስ ይደርሳሉ፣ ከዚያ ይዘጋሉ። ግን ዛሬን ብችል ነገም ይመሻል። በየምሽቱ እኚህ ሴትዮ ፊት እግሬን ስደብቅ ልኖር ነው?

እነሳለሁ።

እናቴ ስሜን ብቻ ትጠራለች፣ በዝግታ፣ "ፈህሚያ።" እኔ ከግድግዳው ወደ በሩ፣ ከበሩ ወደ ግድግዳው መመላለስ ጀምሬያለሁ።

"ሐጂት፣ አውፍ ይበሉኝ። ኢልያስን ጠልቼ አይደለም የተነሳሁት። የነርቭ በሽታ አለብኝ፤ ሲመሽ እግሬ አላስቀምጥ ይለኛል። እሱ ያውቃል። ያላወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።"

ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ይመጣና ያልፋል። የእናቴ እጆች ጭኗ ላይ ወድቀዋል። አፍሬያለሁ፣ ፈርቻለሁም። እግሬን ግን ደስ ብሎታል፤ ከሁሉ የምጠላው ይኼንን ነው።

ሐጂት ይድናል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። እንደማይድን፣ በመድኃኒት ግን እንደሚያዝ፣ ሱቁንም እየሠራሁ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። ወደፊት ምን እንደሚሆን ሐኪሙም አያውቅም እላለሁ። ይኼንን ሁሉ እየሄድኩ ነው የምናገረው።

ወደ እናቴ ይዞራሉ። "ዐዚዛ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማሽም? ምነው እኔን ደበቅሽኝ?"

"ፈርቼ ነው" ትላለች እናቴ። ሌላ ምክንያት አልፈለገችም።

የሐጂትን ፊት ለማንበብ በሄድኩ በመጣሁ ቁጥር አያቸዋለሁ፤ ምንም አይነበብም። መዳፋቸውን የማየው ኋላ ነው። ከቅድም ጀምሮ እንደተዘረጋ ነው። ፊታቸውን አልዳበሱም።

"እጅሽን አንሺ" ይሏታል እናቴን።

ከዚያ ወደ እኔ ቀና ይላሉ። "አንቺ ተመላለሽ፣ ልጄ። እግርሽ ሲበቃው ተቀምጠሽ አንድ ላይ እንዘጋዋለን።"

እመላለሳለሁ። ክፍሉ እየጨለመ ነው፤ መብራት ለማብራት የሚነሳ የለም። የሐጂት እጅጌ እስከ ክርናቸው ተንሸራቷል፤ ያረጀው ክንዳቸው በድካም ይንቀጠቀጣል። አያወርዱትም።