አባቷን የቆለፈችው ሉብና

«አባትሽ ላይ ነው የቆለፍሽው?! እንደ ሌባ?!»

ያህያ ይህን ሲል የግቢው ቆርቆሮ በር በቡጢው ሊገነጠል ምንም አልቀረው...

ማን ይፈርድበታል? ሐጂ ሐቢብ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ ውስጥ ከእሱ ጋር ጎን ለጎን ዱቄትና ዘይት ሲያከፋፍሉ የኖሩ ወዳጁ ናቸው።

ሐጂ ደግሞ እንግዳ መልሰው አያውቁም። «ዛሬ አይመቸኝም» የሚባል ቃል ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ ከከተማው ወጣ ብላ ወዳለችው ረጃፍ ሄደው የታመመ ደንበኛ ጠይቀው ሲመለሱ በትኩሳት የወደቁት...

ክፍላቸው ተቆለፈ። ጠያቂ ሁሉ ከግቢው በር ይመለስ ተባለ።

ልጃቸው ሉብና ቫይረስ የምታጠና ምሁር ናት። «ተምራ ተምራ አባቷን ማሰር ተማረች!» አለ ሰፈሩ።

«ጋሽ ያህያ፣» አለች ከጭንብሏ ውስጥ፣ «አዲስ ቫይረስ ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሞቹ ማንም እንዳይነካው ብለዋል።»

«እኔ ማንም ነኝ?!»

«ቫይረስ እኮ በር አይሰብርም። ሴላችን ላይ ለሚጠቅመን ነገር በር የሚከፍቱ ፕሮቲኖች አሉ። እነሱን ይጨብጥና ዘመድ መስሎ ይገባል። ከገባ በኋላ የራሱ ዕቃ የለው... በእኛው ፕሮቲን፣ በእኛው ጓዳ እየሠራ ይራባል።»

ያህያ በጥልቀት አሰበ።

«የሚስቴ ወንድም!» አለ።

ሚስቱ ኑርያ የሾርባ ፔርሙስ እንደያዘች በክርኗ ጎሸመችው።

«ማንን ነው?»

«ቫይረሱን ነው የኔ እመቤት! ማፊ ሙሽኪላ! ምንም ችግር የለም!»

ሳይንሱ ገባው። ንዴቱ ግን አልወጣለትም...

ከጁምዓ በኋላ ነጋዴውን ሰብስቦ አስፈረደ። «ታማሚ እንዳይጠየቅ የከለከለች ልጅ ሰርጓም ሐዘኗም የብቻዋ ይሁን!»

ሉብና ፍርዱን አንገቷን ደፍታ ሰማች።

ከዚያ የላቦራቶሪው ውጤት መጣ...

የፈራችው ቫይረስ ነው!

ገበያው ሁሉ የገዛ እጁን ማየት ጀመረ። ግን ሐጂን የነካ ማን አለ? ማንም! አንድም ጠያቂ አልታመመም።

ሐኪሞቹ «ድነዋል፣ ነጻ ናቸው» ያሉ ዕለት ግቢው ሞላ።

«በይ አሁን ክፈቺ!» አለ ያህያ።

«ቁልፉ እኔ ጋ የለም...»

ቀጭ!

የክፍሉ በር የተከፈተው ከውስጥ ነው።

ሐጂ ሐቢብ ከስተው፣ ግን እየሳቁ ወጡ።

«የቆለፍኩት እኔ ነኝ። የምከፍተውም ለሐኪሞቹ ብቻ ነበር።»

«አንተ ሰው! ታዲያ ልጅህን ለምን አሰደብካት?»

«ያህያ፣ አንተን ከደጄ ተመለስ የምልበት አፍ አለኝ? ብከፍትልህ ደግሞ ልገድልህ ነው። እሷ ናት ‹ስድቡን ለኔ ተወው አባዬ፣ አንተ ብቻ ቆልፍ› ያለችኝ።»

ኑርያ እልልታውን አቀለጠችው! የዱቄት ተሸካሚዎቹ ሳይቀሩ አጨበጨቡ!

ያህያ እንባውን ጠርጎ ፍርዱን እዚያው ሻረ። «ሰርግሽን እኔ ነኝ የምደግሰው!»

«ባል እኮ የለኝም ጋሽ ያህያ።»

«እሱንም እናመጣለን!»

ወዳጆቼ... የሚወድ ሁሉ በር አይከፍትም። የዘጋብንን ሰው ከመርገማችን በፊት፣ ምን እንዳይገባ እንደዘጋ እንጠይቅ። ሾርባውንም ደጅ ላይ አስቀምጦ መመለስ ጥየቃ ነው!

እናንተስ... የምትወዱትን ሰው ለማትረፍ ስማችሁ በገበያው ሁሉ ሲጠፋ ዝም ትላላችሁ? እውነቱን ጻፉልኝ...