አልበቃ ያለው መብራት

ሾፌሩ ጉጉቱ የጭነት መኪናዋን የፊት መብራት ሲያሠራ ይህ ለሦስተኛ ጊዜ ነበር።

መጀመሪያ አምፖሎቹን አስቀየረ። ቀጥሎ የደበዘዘውን መስታወት አስወልውሎ የመብራቱን ገመድ በወፍራም አስተካ። አሁን ደግሞ የመኪናዋ ግንባር ላይ ሁለት ፓውዛ መብራት ካልተጨመረ ብሎ ጋራዡ በር ላይ ቆሟል።

"ወንድሜ፣ በዚህ መብራት እኮ መርፌ ይለቀማል!" አለው ሽቦ የሚሉት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠሪ። "ምን ጠፍቶህ ነው?"

"ደከም ይላል አልኩህ።" ጉጉቱ ወደ ሚስቱ ዞረ። "አይልም እንዴ?"

መምህርት የሆነችው ሚስቱ በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፍና ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ስልሳ ተማሪ ፊት ቆማ ክፍልፋይ ስታስተምር የማትደነግጥ ሴት፣ ሁለት ጎልማሶች ፊት እንደ ሙሽራ ትሽኮረመማለች።

ጉጉት ብለው ስም ያወጡለት ሾፌሮቹ ናቸው። ለሌሊት ጉዞ እሱን የሚያህል የለም። ዓርብ ማምሻውን ጭኖ ይወጣል፣ እሑድ ይመለሳል፤ በስድስት ዓመት ውስጥ መኪናዋ ላይ አንዲት ጭረት አልተገኘችም። ከዚያ ሁሉ መንገድ በኋላም ፊቱ ወዝቶ፣ እያፏጨ ነው የሚወርደው። ሚስቱ አትለየውም። የሾፌር ልጅ ናትና መንገድ አይሰለቻትም። በአንድ እጇ ፔርሙስ፣ በሌላው ወፍራም ትራስ ይዛ ጋቢና ትገባለች። "እንዳይተኛ አጫውተዋለሁ" ትላለች። ሰኞ ሰኞ ታዲያ ሰሌዳው ፊት ስታዛጋ ባልደረቦቿ "ፍቅር እንቅልፍ ነሣሽ አይደል?" ይሏታል። ጉንጯ ቲማቲም ይመስላል።

"ባለፈው ሳምንት ምን ሆንን መሰለህ?" አለ ጉጉቱ። "መንገዱ መሀል ላም ቆማለች። ጡሩምባ ብንነፋ፣ ብንነፋ፣ ንቅንቅ የለም! ወርጄ ባይ ፌስታል ነው።"

ሽቦ ሳቁ ገፍቶት ጎማ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ ሳቁን ድንገት አቆመና ጉጉቱን ትኩር ብሎ አየው።

"አንተ ሰው፣ የደከመው መብራቱ አይደለም። ዓይንህ ነው!"

ሽቦ ሆዱ ውስጥ ወሬ አያድርም። ከምሳ በፊት ጉጉቱ የሚሠራለት ባለመኪና ሰማ። "ፌስታልና ላም ለማይለይ ሰው መኪናዬን አልሰጥም፤ እስከ ዓርብ የዓይን ሐኪም ወረቀት አምጣ፣ አለዚያ ቁልፌን መልስ" ብሎ ላከበት። ባልና ሚስቱ ያቺን መኪና ካጡ ኑሯቸው ተናጋ ማለት ነው።

ጀንበር እንደጠለቀች ጉጉቱ ከነጫማው ሶፋው ላይ ተዘርሮ ያንኮራፋ ጀመር።

"ጭንቀት ጣለው፣ ልጄን!" አለች እናቱ። ከዚያ ወደ ምራቷ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "የኔ ልጅ፣ ለእኔ አይደበቅም። አያይም፣ አይደል?"

"ያያል፣ እማዬ።"

"ታዲያ ለምን ፊትሽ ቀላ? የደበቅሽኝ ነገር አለ።"

የስድስት ዓመት ምሥጢር መምህርቷ ጉሮሮ ድረስ መጣ። ሰው ቢሰማ መግቢያ ቀዳዳ የላትም። ባሏንም ሾፌሮቹ በሳቅ ይጨርሱታል።

"አለ፣" አለች ቀስ ብላ። "ግን እባክዎ፣ አሁን አይጠይቁኝ።"

አማቷ በልቧ ለልጇ አለቀሰች።

በማግስቱ የዓይን ክሊኒኩ ውስጥ ሠርግ ያለ ይመስል ነበር። ባለመኪናው በዓይኑ ሊያረጋግጥ መጣ። ሽቦ ሥራውን ጥሎ መጣ። እናትየዋ ደረቷን ይዛ መጣች። ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ወደተለጠፈው የፊደል ሰሌዳ ጠቆመች።

ጉጉቱ ትልልቆቹን እንደ ቀልድ አነበበ። መካከለኞቹን አነበበ። የመጨረሻውን መስመር አነበበ። አልበቃው ብሎ ከሥር ያለውን የማተሚያ ቤቱን ስምና የታተመበትን ዓመት ጨመረ።

"እሱን እኔም ከዚህ አላነበውም!" አለች ሐኪሟ እያጨበጨበች።

እናቱ እልልታዋን አቀለጠችው። ባለመኪናው አንገቱን ደፋ። መምህርቷ ብቻ ኋላ ተቀምጣ ዓይኗን አጥብባ፣ "ሰሌዳው የቱ ጋ ነው?" አለች።

"እስቲ አንቺም ነይ" አለቻት ሐኪሟ።

አፈረች፣ እምቢ አለች። ባሏ እየገፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። ሁለተኛው መስመር ላይ አማጠች፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርስ "ጉንዳኖች ናቸው?" ብላ ጠየቀች። ሽቦ ግድግዳ ተደግፎ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ፊቷን በሻርፗ ሸፍና ሳቀች። ሐኪሟ መነጽር አዘዘች።

"ምስኪን! ደብተር ማረም ዓይኗን አደከመባት" አለች አማቷ።

"የቅርቡን እንኳ ደህና ታያለች፣" አለች ሐኪሟ። "ይኼ ለሩቅ ነው።" በእልልታው መሀል የሰማት የለም።

ዓርብ ወደ ማታ ባለመኪናው ቁልፉን በሁለት እጁ አስረከበ። ሽቦ ሁለቱን ፓውዛዎች ታቅፎ ብቅ አለ።

"ይቅር፣ አያስፈልግም" አለው ጉጉቱ።

"ሰውዬ፣ ረቡዕ አልበቃ ያለህ መብራት ዓርብ በቃህ?"

"በቃን።"

ጉጉቱ ሚስቱን ከጎኑ አስቀምጦ፣ መሪውን ይዞ፣ በአንድ እጁ እየተሰናበተ፣ ሞቅ ባለ ጡሩምባ ከግቢው ወጣ። እናቱ ማዞሪያውን እስኪያልፉ ድረስ ቆማ ሸኘቻቸው። ከከተማው ወጥተው የመጨረሻዎቹ ቤቶች ከኋላ እንደቀሩ፣ ሰማዩ ደንገዝገዝ ሲል፣ መኪናዋ ዳር ይዛ ቆመች።

ጉጉቱ እንደ ወትሮው እያዛጋ ከጋቢናው ጀርባ ወዳለችው አልጋ ተሻገረና "ደህና እደሪልኝ" ሲላት፣ መምህርቷ ትራሷን በሾፌሩ ወንበር ላይ አነጠፈች፣ አዲሱን መነጽሯን አደረገች፣ ሞተሩን አስነሣች።